የእንግሊዝ ግጥም በከድሩ ሱቅ

[ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ወደ አስኮ የሚያልፍ ታክሲ የለም። የከድሩ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የቆርቆሮ መዝጊያ ወርዷል፤ ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ብርሃን ይገባል። ከድሩ የምስር ጆንያ ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የጥያቄ ወረቀት ይዟል። ጎረቤቱ ዮፍታሔ፣ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ ክራባት አስሮ ባንኮኒው ፊት ቆሟል። ባንኮኒው ላይ የመስመር ስልክ አለ።]

ከድሩ፦ እህህ... እህህ...

ዮፍታሔ፦ እንደገና አሳልክ።

ከድሩ፦ ዶክተሩን ሁንልኝ አላልክም? ዶክተር ሳያስል ጥያቄ አይጀምርም።

ዮፍታሔ፦ ዶክተር አሥራት አያስሉም። ስድስት ዓመት በማታው ክፍል እሳቸው ጋ ስማር አንድ ቀን ሲያስሉ አልሰማሁም።

ከድሩ፦ በስልክ ጠይቀውህ ያውቃሉ?

ዮፍታሔ፦ አያውቁም።

ከድሩ፦ እንግዲያው አታውቅም። ትልቅ ሰው ስልክ ሲይዝ ያስላል። አባቴም ያስል ነበር፤ ያውም ዶክተር ሳይሆን።

ዮፍታሔ፦ እሺ፣ አስል። ግን አንዴ ብቻ። የቀረን ግማሽ ሰዓት ነው፤ በሳል አንጨርሰው።

ከድሩ፦ እህህ። ተማሪ ዮፍታሔ፣ ክራባት ለምን አሰርክ?

ዮፍታሔ፦ ወረቀቱ ላይ እንደሱ የሚል ጥያቄ አለ?

ከድሩ፦ የለም፣ የራሴ ነው። በስልክ ለሚፈተን ሰው ክራባት ምን ያደርግለታል?

ዮፍታሔ፦ የለበስከው ነገር ድምፅህ ውስጥ ይገባል። ይህ የተጠና ነገር ነው።

ከድሩ፦ እኔ ሽርጥ ነው ያገለደምኩት። ድምፄ እንዴት ነው?

ዮፍታሔ፦ ከድሩ፣ እባክህ። ይህን ፈተና ዛሬ ካልወሰድኩ የሚቀጥለው የዛሬ ዓመት ነው። ዳይሬክተራችን አቶ አለሙ ደግሞ እስከ ግማሽ ዓመቱ ዲግሪህን ካላመጣህ ክፍልህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል። መንገድ ተዘጋብኝ ብዬ ስንት ለምኜ ነው በስልክ ይሁንልህ ያሉኝ። ሞባይሉ ይቆራረጣል፤ ያለኝ ያንተ ስልክ ነው።

ከድሩ፦ ስልኩንማ መቼ ከለከልኩህ። መብሩካ እንኳ ሰበታ ያለች እህቷ ደህና መሆኗን ልጠይቅ ስትል፣ ዮፍታሔ እስኪፈተን ታገሺ ብያታለሁ። ሚስቴን ያስታገሥኩ ሰው ነኝ። በል፣ አንደኛ ጥያቄ። [ያነባል] "ኦልድ ኢንግሊሽ"። ይሄ ሽማግሌው እንግሊዝ ማነው?

ዮፍታሔ፦ ሰው አይደለም፣ ዘመን ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው። አዝማሪያቸው በጌታው አዳራሽ ቆሞ ግጥሙን በቃሉ ያወርደዋል፤ ስለ ጀግና፣ ስለ ጦር፣ ስለ ባሕር። ዋናው ነገር ግን፣ ቤት አይመታም።

ከድሩ፦ ቀስ በል።

ዮፍታሔ፦ ምነው?

ከድሩ፦ ቤት መምታት የሚባለውን ዛሬ ባታነሳው። ጠዋት ላይኛው ሰፈር የአንዱን ሰው መስኮት በድንጋይ ብለውታል።

ዮፍታሔ፦ እኔ የምለው የግጥም ቤት ነው። አንዱ ስንኝ "በላ" ብሎ አልቆ ሌላው "ጠላ" ብሎ ሲያልቅ ቤት መታ ይባላል።

ከድሩ፦ እኔ ጠላ አልጠጣም።

ዮፍታሔ፦ ምሳሌ ነው። የጥንቶቹ መጨረሻውን ትተው የቃሉን መጀመሪያ ነው የሚያገጥሙት። ለምሳሌ "ከድሩ ከተማ ከርሞ ከሳ"። ሁሉም በ"ከ" ይጀምራል።

ከድሩ፦ [ሆዱን ይዳብሳል] ከስቻለሁ እንዴ?

ዮፍታሔ፦ አልከሳህም። ምሳሌ ነው።

ከድሩ፦ መብሩካም ባለፈው እንደሱ ብላኛለች። ምሳሌ መሆኑን ግን አልነገረችኝም።

[መዝጊያው ከውጭ ይንኳኳል።]

ከድሩ፦ [ጮክ ብሎ] ጩፋዳ፣ ኦቦ። ዝግ ነው። [ያዳምጣል። የእግር ኮቴ ይርቃል።] ሄደ። ሳሙና ፈላጊ ይሆናል። ቀጥል።

ዮፍታሔ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ቀጥሎ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ባሕር ተሻግረው መጡና አገሩን ያዙ። ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም ፈረንሳይኛ ሆነ፤ እንግሊዝኛው ሜዳና ገበያ ላይ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ትልቅ ቦታ ሲመለስ ግማሽ አካሉ ፈረንሳይኛ ሆኖ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ከብቱ በረት ሳለ ስሙ እንግሊዝኛ ነው፤ ታርዶ ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን ከፈረንሳይኛ በመጣ ስም ነው የሚጠራው።

ከድሩ፦ በሬው ሲታረድ ቋንቋ ቀየረ?

ዮፍታሔ፦ በሬው አይደለም፣ ስሙ ነው።

ከድሩ፦ በሬውንማ ማን ይጠይቀዋል። የሚያረባው አንዱ፣ የሚበላው ሌላው ነበር ማለት ነዋ።

ዮፍታሔ፦ ማስታወሻው እንደሱ አይልም። "የሁለት ቋንቋ መስተጋብር" ነው የሚለው።

ከድሩ፦ መስተጋብር። እኔ እቤት ስልጢኛ፣ ሱቅ ኦሮምኛ፣ መርካቶ አማርኛ፣ ሶላት ላይ ዐረብኛ ነኝ። መስተጋብር መሆኔን አላውቅም ነበር።

ዮፍታሔ፦ እሺ፣ እንለፈው። ሦስተኛው ምንድን ነው?

ከድሩ፦ "ሶኔት"።

ዮፍታሔ፦ አሥራ አራት ስንኝ ያለው ግጥም። ከጣሊያን የመጣ።

ከድሩ፦ ሙሉ ዕቃው ነው የገባው ወይስ እዚያው ገጣጥመውት ነው?

ዮፍታሔ፦ እ... ቅርጹ ከጣሊያን መጣ። እንግሊዞቹ ለቋንቋቸው እንዲመች አድርገው ቀየሩት፤ መጨረሻው ላይ ሁለት ስንኝ ለብቻ አጣመሩበት።

ከድሩ፦ ገጣጥመውታል በለኛ። ገጣሚ የተባሉት ለዚህ ነው?

ዮፍታሔ፦ ገጣሚና ገጣጣሚ አንድ አይደሉም።

ከድሩ፦ የኔም ቴሌቪዥን ላዩ ላይ የሩቅ አገር ስም አለው። ጠጋኙ ሲከፍተው ውስጡ ሌላ ነው። ግን ይሠራል። አራተኛ፣ "ሜታ..." አይ፣ ይሄን እኔ አልጠይቅም።

ዮፍታሔ፦ ለምን?

ከድሩ፦ ሜታ ሰበታ የሚጠመቀው ቢራ ነው። ስለማልቀምሰው ነገር አልጠይቅም።

ዮፍታሔ፦ ጨርሰህ አንብበው። ሜታፊዚካል። ረቂቅ ሐሳብ የሚወዱ ገጣሚዎች ናቸው፤ ፍቅርን ወይም ሞትን በጭራሽ ከማይመስለው ነገር ጋር ያነጻጽሩታል። ፍቅርን... ምን ልበልህ... ከጆንያ ጋር እንደማለት።

ከድሩ፦ [የተቀመጠበትን ጆንያ መታ መታ እያደረገ] ልክ ነው። ባዶውን አይቆምም።

ዮፍታሔ፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር። [ሰዓቱን ያያል] ሩብ ጉዳይ ሆነ። ቶሎ በል፣ አምስተኛ።

ከድሩ፦ "ኒዮክላሲካል"።

ዮፍታሔ፦ የሥርዓት ዘመን። ስሜት ወደ ኋላ፣ አእምሮ ወደ ፊት። ስንኙ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሰለፋል፤ ቤቱ በየሁለቱ ይመታል፤ ርዝመቱ ይለካል። ከመስመር የወጣ ገጣሚ እንደ ባለጌ ይታያል።

ከድሩ፦ ገባኝ። ማስተር ፕላን ነበራቸው።

ዮፍታሔ፦ [ወደ መዝጊያው እያየ] ያችን ቃል ዛሬ አትጥራ።

ከድሩ፦ አንተ ቤት ስትመታ ትውላለህ፤ እኔ ማስተር ፕላን ብል ምን አለበት?

ዮፍታሔ፦ መንገዱ የተዘጋው በምን ሆነና። እኔ ቢያንስ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

ከድሩ፦ [በሹክሹክታ] ማስተር ፕላን ነበራቸው?

ዮፍታሔ፦ [በሹክሹክታ] የግጥም።

ከድሩ፦ [በሹክሹክታ] የግጥምም ይሁን። እዚያ የሰፈሩትን ሰዎች አማክረዋቸዋል?

ዮፍታሔ፦ ግጥም ላይ ማን ይሰፍራል? ከድሩ፣ አታድክመኝ። ቀጣዩን አንብብ።

ከድሩ፦ "ሮማንቲክ"። ይሄንንስ አውቀዋለሁ። ሻማ፣ አበባ፣ ቀይ ከረሜላ። አምና በየካቲት ሁለት ካርቶን አምጥቼ ነበር፤ ቡራዩ ላይ አልሄደልኝም። ያለው አሁንም እዚያ ላይ ነው።

ዮፍታሔ፦ እሱ አይደለም። የዘመኑ ስም ነው። ስሜት፣ ምናብ፣ ተፈጥሮ፣ ግለሰብ። አራት ነጥቦች ናቸው፤ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ እላቸዋለሁ። ስለ ሜዳ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ተራራ፣ ስለ ተራ ገበሬ ጻፉ።

ከድሩ፦ ሚስት የለችበትም?

ዮፍታሔ፦ ዋናው እሷ አይደለችም።

ከድሩ፦ ከዚያ በፊት ሜዳ አልነበራቸውም?

ዮፍታሔ፦ ነበራቸው።

ከድሩ፦ ታዲያ ምን ነክቷቸው ያን ጊዜ ትዝ አላቸው?

ዮፍታሔ፦ ፈተናው እሱን አይጠይቅም። ፋብሪካ መጣ፣ የጋራ የነበረው ግጦሽ ታጠረ፣ ገበሬው ከመሬቱ ተነቅሎ ከተማ ገባ የሚል ነገር ግርጌ ማስታወሻው ላይ አለ። ግርጌ ማስታወሻ ደግሞ ፈተና ላይ አይመጣም።

ከድሩ፦ ለምን አይመጣም?

ዮፍታሔ፦ ፊደሉ ትንሽ ነው።

ከድሩ፦ እኔ እንኳ መድኃኒት ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ነው የምፈራው። እሺ፣ ሰባተኛ፣ "ቪክቶሪያን"።

ዮፍታሔ፦ በንግሥቲቱ ስም የተሰየመ ነው። ከተማው ሰፋ፣ ባቡር መጣ፣ ሳይንስ መጣ፣ እምነታቸው ተናወጠ። ስለዚህ ግጥሙ ረጅምና ትካዜ የበዛበት ሆነ።

ከድሩ፦ ባቡር መጥቶላቸው ነው የተከዙት?

ዮፍታሔ፦ የመጨረሻው ዘመናዊው ነው። ከትልቁ ጦርነት ወዲህ ያለው። ስንኙ አይለካም፣ ቤት መምታት አይገደድም፣ ሐሳቡ ይቆራረጣል።

ከድሩ፦ እንደ ሞባይሉ። ዞረው ዞረው መጀመሪያው ጋ ተመለሱኛ። ቤት ሳይመቱ ጀመሩ፣ ቤት ሳይመቱ ጨረሱ። በመሀል ያሉት በከንቱ ነው የደከሙት?

ዮፍታሔ፦ ተወው፣ አንተ በዚህ አትጨነቅ። ይህ ጥናት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚገኝ አይደለም። ጓሮ ደርሼ ልምጣ።

ከድሩ፦ ሦስተኛህ ነው።

ዮፍታሔ፦ ፍርሃት ነው። ስልኩ ቢጮህ አንሳና ይመጣል በላቸው፣ በቃ። ስለ ግጥም ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። በኋላ የኔ መልስ መስሏቸው ጉድ እንዳልሆን።

[ዮፍታሔ በጓሮ በር ይወጣል። ወዲያው ስልኩ ይጮኻል። ከድሩ ያነሳል።]

ከድሩ፦ አሰላሙ አለይኩም... አዎ፣ የከድሩ ሱቅ ነው። ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ... አለ፣ ጓሮ ደርሶ ይመጣል። ቶሎ ነው የደወሉት... አይ፣ እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ፣ መንገዱ ብቻ ነው። እርስዎ ጋስ?... እኔ ባለ ሱቁ ነኝ። ሳስጠናው ነበር... እኔ ምን እንደገባኝ? ዶክተር፣ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ተብያለሁ... እሱ ነው ያለኝ... [ያዳምጣል] እንግዲህ እርስዎ ካዘዙኝ ምን አደርጋለሁ።

[ዮፍታሔ እጁን እያራገፈ ይገባል። ከድሩን ከስልኩ ጋር ሲያየው ይደነግጥና እጁን ይዘረጋል። ከድሩ በመዳፉ ያስቆመዋል።]

ዮፍታሔ፦ [በሹክሹክታ] ስጠኝ።

ከድሩ፦ [ስልኩን ሸፍኖ] ትልቅ ሰው እያዳመጡኝ ማቋረጥ ነውር ነው። [ወደ ስልኩ] ይቅርታ ዶክተር። ከሁሉም የገባኝ እነዚያ ሮማንቲክ የሚባሉት ናቸው። ወተት የምታመጣልኝ አንዲት እናት አለች፣ አዴ ደጊቱ የምትባል። መሬቷ ከዚህ ጀርባ፣ ከወንዙ ወዲያ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ወተት ስታመጣ ስለ መሬቱ አንድ ቀን አንስታልኝ አታውቅም። የምታወራው ስለ ጉልበቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። አምና ሰዎች መጡና መሬቷ ላይ ችካል ተከሉ፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወተቱን ስትቀዳልኝ ታንጎራጉራለች። ስለ ሣሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ጥጃዋ ስለምትተኛበት የዛፍ ጥላ። ምነው አዴ፣ ድሮ ዘፈን አታውቂም ነበር ብላት ምን አለችኝ፣ "ድሮማ አጠገቤ ነበር፤ አጠገቡ ያለውን ማን ይጣራል?"

[ዮፍታሔ የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ያወርዳል።]

ከድሩ፦ እና ዶክተር፣ እነዚያም ሰዎች ሜዳው ሲታጠርባቸው ይመስለኛል የጻፉት። ሰው ሜዳው በእጁ ሳለ ያርሰዋል እንጂ አይገጥምለትም... አዎ፣ ዮፍታሔም ግርጌው ላይ በትንሽ ፊደል አለ ብሎኛል። ፈተና ላይ አይመጣም እንጂ... [ያዳምጣል] ይመጣል? [ወደ ዮፍታሔ ዞሮ] ይመጣል ይላሉ።

[ዮፍታሔ ግንባሩን ይይዛል።]

ከድሩ፦ አቤት? የመጨረሻዎቹ፣ ከጦርነቱ በኋላ ያሉት? እነሱማ ቤቱ ራሱ ከተመታ ወዲያ ምን ቤት ይመታሉ... [ያዳምጣል] የለም ዶክተር፣ እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ነው... እሺ፣ ይኸው መጥቷል።

[ዮፍታሔ ጉሮሮውን ጠርጎ ስልኩን ይቀበላል።]

ዮፍታሔ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዝግጁ ነኝ። [ያዳምጣል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ በቃሉ የያዘውን በእንግሊዝኛ ያወርደዋል። ድንገት ያቋርጣል።] አቤት?... አዎ፣ ከማስታወሻው ላይ ነው... ልክ ነው፣ የጻፉት እርስዎ ነዎት... ስለ ሜዳው ለምን ጻፉ? ማለት፣ አራቱ ነጥቦች... "ለምን" ነው የሚሉኝ... በአማርኛ?

[ከሩቅ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቀርቦ ያልፋል።]

ከድሩ፦ [በሹክሹክታ] በላቸው እንጂ። ስሜት፣ ምናብ...

ዮፍታሔ፦ [ራሱን ነቅንቆ ያስቆመዋል። ወደ ስልኩ፣ ቀስ ብሎ] ዶክተር፣ እኛ ቡራዩ የገባነው የካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ነው። እናቴ እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትኖር አንድ ቀን አመስግናው አታውቅም። ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጡ አላስተኛ አለኝ፣ ሽንት ቤቱ የአሥር አባወራ ነው፤ የምትለው ይህን ነበር። አሁን እዚህ ሰፊ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የምታወራው ስለዚያ ቤት ነው። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስለሚያሰማው ድምፅ። ያው የሚያፈሰው ቆርቆሮ ነው። እኔ ደግሞ ረሳሽው እንዴ፣ ያፈስ ነበር እኮ እላታለሁ። ያን ጊዜ ዝም ትላለች... [ያዳምጣል] አዎ፣ እንደ ተማሪ አርማት ነበር። የተሳሳተች መስሎኝ... አይ ዶክተር፣ አሁን አይመስለኝም።

[ረጅም ጊዜ ያዳምጣል። ከድሩ ከጆንያው ተነሥቶ ይጠጋዋል።]

ዮፍታሔ፦ እሺ... እሺ ዶክተር... [ፊቱ በርቶ ይደበዝዛል] አዎ፣ ይገባኛል። ምንም የምለው የለኝም። ለሱም እነግረዋለሁ። ደህና ይዋሉ።

[ስልኩን ያስቀምጣል።]

ከድሩ፦ እ?

ዮፍታሔ፦ አልፌያለሁ።

ከድሩ፦ አልሐምዱሊላህ። ስንት ሰጡህ?

ዮፍታሔ፦ ቢ።

ከድሩ፦ ቢ ጥሩ ነው?

ዮፍታሔ፦ ጥሩ ነው። ዲግሪው ተያዘ፤ አቶ አለሙም ክፍሌን አይነካውም።

ከድሩ፦ ታዲያ ሰው የሞተብህ የመሰልከው ምን ሆነህ ነው?

ዮፍታሔ፦ ስለ እናትህ የመለስከው የኤ ነበር አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ካንተ የሰማሁት ጥሩ መልስ እሱ ነው አሉ።

ከድሩ፦ እና ኤውን ምን ወሰደው?

ዮፍታሔ፦ ቀነሱብኝ።

ከድሩ፦ በምን ምክንያት?

ዮፍታሔ፦ በኩረጃ።

ከድሩ፦ [ከመዝጊያው እስከ ጓሮው በር ሱቁን ዙሪያውን ያያል] እዚህ ማን አለና ነው የምትኮርጀው?

ዮፍታሔ፦ [ምስሩ ጆንያ ላይ እየተቀመጠ] አንተ።